«ፈቃድ» ማለት ምን ማለት ነው? ከጅዳ እስከ መካ የሚፈተነው የሕዝብ ግንኙነት ሙያ

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር (እ.ኤ.አ. 2024) የሐጅ ሥርዓት በሚከናወንበት ወቅት፣ በመካ ታላቁ መስጂድ የሙቀት መጠኑ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሐጁ ቀናት ካበቁ በኋላ የሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ሚኒስትር ፋሕድ አል-ጀላጅል በሰጡት መግለጫ የ1,301 ሰዎች ሕይወት ማለፉን አስታወቁ። ከእነዚህም ውስጥ 83 በመቶ የሚሆኑት የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ያለ በቂ መጠለያና ዕረፍት በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የተጓዙ መሆናቸውን ገለጹ።

ይህ አኃዝ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው እንደ አየር ንብረት፣ እንደ ጤና ወይም እንደ ጸጥታ ጉዳይ ነው። በሕዝብ ግንኙነት ሙያ ለተሠማሩ ሰዎች ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ወቅቱ ከመድረሱ አስቀድሞ «ያለ ፈቃድ ሐጅ የለም» የሚል ዘመቻ በመገናኛ ብዙኃን፣ በማኅበራዊ ሚዲያና በስልክ አጭር መልእክት ሲሠራጭ ቆይቷል። የአገሪቱ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤትም ፈቃድ ሳይዙ ወደ ሐጅ መሄድ በሃይማኖት ረገድ የማይፈቀድ መሆኑን የሚገልጽ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ቅጣቱ 10,000 ሪያል መሆኑም ተነግሯል። መልእክቱ አልተላለፈም የሚል ሰው አይኖርም። ሆኖም ከሟቾቹ አብዛኞቹ መልእክቱ በቀጥታ የሚመለከታቸው ሰዎች ነበሩ። የተነገረ ነገር ሳይሰማ ከቀረ ጉድለቱ የተናጋሪው ነው ወይስ የአድማጩ? ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሙያው ሰዎች ከሚከራከሩባቸው ነጥቦች አብዛኞቹ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልለው ይገኛሉ። ክርክሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱም ሑጃጆች ከጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደው ወደ መካ የሚያቀኑበት መንገድ ነው።

በአማርኛ ሙያው «ሕዝብ ግንኙነት» ይባላል። ዐረብኛው «አል-ዐላቃት አል-ዓማ» ይለዋል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «አጠቃላይ ግንኙነቶች» እንደ ማለት ነው። በአማርኛው ስም ውስጥ ሕዝብ በስሙ ተጠርቶ ይገኛል፤ በዐረብኛው ስም ውስጥ የለም። ከዚህ ልዩነት ብዙ ትርጉም ማውጣት አይገባም። የሚገርመው ግን ሁለቱም አገሮች በቅርብ ዓመታት ከዚህ ስም እየሸሹ መምጣታቸው ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ መሥሪያ ቤቶች «ተቋማዊ ተግባቦት» የሚለው ስያሜ በየበሩ ተሰቅሏል። በኢትዮጵያም በ2001 ዓ.ም. የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ ወዲህ «ኮሙኒኬሽን» የሚለው ቃል ከፌዴራል እስከ ወረዳ ድረስ የቀድሞውን ስም ተክቶታል። የበሩ ጽሑፍ ሲቀየር ከበሩ ጀርባ ያለው ሥራም ተቀይሯል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው በሙያው ውስጥ ያልተዘጋው።

የሙያው ዘመናዊ ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከአሜሪካዊው አይቪ ሊ ነው። የቀድሞው ጋዜጠኛ ሊ እ.ኤ.አ. በ1906 ለጋዜጦች ባሠራጨው የመርሆዎች መግለጫ ሥራው ትክክለኛ መረጃን በፍጥነትና በግልጽ መስጠት መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በአትላንቲክ ሲቲ አቅራቢያ ከሃምሳ በላይ መንገደኞች የሞቱበት የባቡር አደጋ በደረሰ ጊዜ፣ አደጋን መሸሸግ የለመደውን የባቡር ኩባንያ አሳምኖ መግለጫ እንዲወጣና ጋዜጠኞች ሥፍራው ድረስ እንዲሄዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣው ኤድዋርድ በርኔይስ የሕዝብን አስተሳሰብ መቅረጽ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው ብሎ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ጄምስ ግሩኒግና ቶድ ሀንት ሙያውን በአራት ከፍለው አሳዩት። ከዝና ማጋነን ተነሥቶ መረጃ ወደ መስጠት፣ ከዚያም አድማጭን አጥንቶ ወደ ማሳመን፣ በመጨረሻም ተቋሙ ሕዝቡን የሚሰማበትና በሰማው መሠረት ራሱም የሚለወጥበት ባለሁለት አቅጣጫ ግንኙነት ላይ የሚደርስ ክፍፍል ነው። ዛሬ በጅዳው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽንና ሚዲያ ፋኩልቲ የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት የሚከታተል ተማሪም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ይህንኑ ክፍፍል ያጠናል።

መካ ግን ይህ ንድፈ ሐሳብ ከመጻፉ እጅግ ቀደም ብሎ የራሷ የሆነ ሥርዓት ነበራት።

«ሙጠዊፍህ ማን ነው?»

በመካ ከጥንት ጀምሮ ሑጃጆችን የሚቀበሉ፣ የሚያሳድሩ፣ የሥርዓቱን አፈጻጸም የሚያስተምሩና ካዕባን ሲዞሩ የሚመሩ «ሙጠዊፍ» የተባሉ ባለሙያዎች አሉ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናትም ወደ ሴት ልጅ ሲወራረስ የኖረ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የሆነ አገር ወይም ሕዝብ ነበረው። አንዱ የጃዋ፣ ሌላው የሕንድ፣ ሌላው የማግሪብ፣ ሌላው የአፍሪካ ሑጃጆች ሙጠዊፍ ይሆናል። ቋንቋቸውን ይማራል፤ የሚበሉትንና የማይበሉትን ያውቃል፤ የሚታመመውን ያስታምማል፤ የሚሞተውን ይቀብራል፤ የተረፈውን ንብረት ለቤተሰቡ ይልካል። በጅዳ ወደብ ደግሞ «ወኪል» የሚባል የሙጠዊፉ ተጠሪ ነበረ። በመካ የዘምዘምን ውኃ የሚያቀርቡ «ዘማዝማ»፣ በመዲና የሚያስጎበኙ «አዲላ» የተባሉ ባለሙያዎችም በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ይሠሩ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው በጅዳ ወደብ የነበረው አሠራር ነው። በአንድ ዘመን ከመርከብ የወረደ ሑጃጅ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ሙጠዊፍህ ማን ነው?» የሚል ነበር። አሠራሩም «ሱኣል» ማለትም «ጥያቄ» ተብሎ ይጠራል። መንገደኛው የጠራው ስም ያለው ሙጠዊፍ ሑጃጁን ይረከባል፤ ስሙ ያልተጠራ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ሙጠዊፉ ዓመቱን ሙሉ የሚደክመው ስሙ በሩቅ አገር፣ ገና መርከብ ባልተሳፈረ ሰው አፍ ላይ እንዲገኝ ነው። ደብዳቤ ይጽፋል፤ የቤተሰቡን ሰው ወደ ሑጃጁ አገር ይልካል፤ ዘምዘምና ተምር በስጦታ ያደርሳል። ከሁሉ በላይ ግን ባለፈው ዓመት ያስተናገደው ሰው አገሩ ገብቶ ምን እንደሚያወራ ያስባል። አንድን ሽማግሌ ቢያንገላታ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ መንደር ስሙን የሚጠራ አያገኝም።

የዛሬ ባለሙያዎች የተቋምን መልካም ስም ለመለካት ብዙ ገንዘብ የሚወጣባቸው መጠይቆች ያዘጋጃሉ። በጅዳ ወደብ መለኪያው አንድ ጥያቄና አንድ ስም ብቻ ነበር። ሥርዓቱ እንከን አልነበረበትም ማለት ግን አይቻልም። ፉክክሩ ወደ ጠብ ያመራ ነበር፤ ምንም የማያውቀውን መንገደኛ በማባበል የሚቀሙትም ነበሩ። ከጊዜ በኋላ መንግሥት ሑጃጆችን በድልድል ማከፋፈል ጀመረ። ሙጠዊፎቹም በአገር ምድብ በተቋማት ተደራጁ፤ ኢትዮጵያውያን የዐረብ ባልሆኑ የአፍሪካ አገሮች ምድብ ውስጥ ተካተቱ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተቋማቱ ወደ ኩባንያነት ተለውጠዋል።

ለውጡ ሥርዓት አምጥቷል። ሚሊዮኖችን በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚና፣ በዐረፋና በሙዝደሊፋ ማንቀሳቀስ በአንድ ቤተሰብ ትከሻ የሚቻል አልነበረም። በሳሚ ዐንጋዊ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1975 በጅዳ የተቋቋመውና ዛሬ በመካ ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሐጅ ምርምር ማዕከል ከመነሻው የተጨነቀበትም ጉዳይ ይኸው የብዛትና የሥርዓት ጥያቄ ነበር። የጠፋውም ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ሑጃጁ ስም የሚጠራበት ዕድል ሲቀር አገልጋዩን የሚያስጨንቀው ያ ጥያቄም አብሮ ቀረ።

በአማርኛ የደረሰው መልእክት

ዛሬ የሐጅ መረጃ በብዙ ቋንቋዎች ይሠራጫል፤ በዚህ ረገድ የተደረገው ጥረት ሊካድ አይገባም። ከናሚራ መስጂድ የሚተላለፈው የዐረፋ ኹጥባ እ.ኤ.አ. በ2018 በአምስት ቋንቋዎች መተርጎም ጀምሮ በ2023 ወደ 20 ቋንቋዎች ደርሷል፤ አማርኛም ከእነርሱ አንዱ ነው። የሐጅና ዑምራ ሚኒስቴር ካዘጋጃቸው የግንዛቤ መምሪያዎችም በአማርኛ የቀረቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው «ኑሱክ» የተሰኘው መድረክ ምዝገባን፣ ፈቃድንና መረጃን በአንድ የስልክ መተግበሪያ ሰብስቧል። ከ2024 ጀምሮም ሕጋዊ ሑጃጆች የኑሱክ ካርድ ይይዛሉ።

የቋንቋዎች ቁጥር ማደጉ ግን የመረዳትን ማደግ አያረጋግጥም። «ላ ሐጅ ቢላ ተስሪሕ» የሚለውን የዐረብኛ መፈክር እንመልከት። በዐረብኛ «ተስሪሕ» የሚለው ቃል ለአንድ ለተወሰነ ተግባር ከባለሥልጣን የሚሰጥ ፈቃድን ያመለክታል። የሳዑዲ ዓረቢያ ነዋሪ ቃሉን ሲሰማ ከቪዛም ከመኖሪያ ወረቀትም የተለየ ሰነድ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያለ ፈቃድ ሐጅ የለም» ይሆናል። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በጅዳ ሠፈሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ «ፈቃድ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው። ኢቃማው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ የሥራ ፈቃድ አለው፤ ከአሠሪው ለቀናት የሚጠይቀው ዕረፍትም ፈቃድ ይባላል። ይህ ሰው መፈክሩን ሰምቶ «እኔስ ፈቃድ አለኝ» ብሎ ቢያልፍ ምን ይደንቃል? ለጉብኝት የመጣች እናትም ፓስፖርቷ ላይ የተሰጠው ቪዛ ፈቃድ መስሎ ቢታያት ሞኝነት አይደለም። ባለሥልጣናቱ ማንኛውም የጉብኝት ቪዛ ሐጅ ለማድረግ እንደማያበቃ ደጋግመው ማሳሰባቸው ራሱ ግርታው ከአማርኛ ተናጋሪዎችም አልፎ የተስፋፋ መሆኑን ያመለክታል።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መፈክር መተርጎም ብቻ አይደለም። «ኢቃማ ያለው ሰውም ቢሆን የሐጅ ፈቃድ ለብቻው ማውጣት አለበት፤ የጉብኝት ቪዛ ሐጅ ለማድረግ አያገለግልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ረጅምና ውበት የጎደለው ነው። በቢልቦርድ ላይ አያምርም። ሰው የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

ሌላው ምሳሌ ሙቀት ነው። ከወሎ ደጋ ወይም ከአርሲ ተነሥቶ የሚሄድ ሽማግሌ በሕይወቱ 50 ዲግሪ አይቶ አያውቅም። በዐረብኛ መምሪያዎች ውስጥ «የሙቀት ድካም» እና «የፀሐይ ምት» በግልጽ ተለይተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው በጥላና በውኃ የሚመለስ ነው፤ ሁለተኛው ግን ደቂቃዎች የሚቆጠሩበት፣ ሰውን የሚያስትና የሚገድል አደጋ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ሁለቱም «ፀሐይ መታው» በሚለው አነጋገር ሊሸፈኑ ይችላሉ። ስለዚህ ስሙን ከመተርጎም ይልቅ ምልክቱን መናገር ይሻላል፦ ንግግሩ የተዛባበት፣ የሚሄድበት የጠፋው፣ ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ደግሞም ሁሉም ኢትዮጵያዊ ሑጃጅ አማርኛ አፉን የፈታበት አይደለም። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ስልጥኛ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው። በአማርኛ ማቅረብ ኢትዮጵያን እንደ መድረስ የሚቆጠርበት አሠራር ራሱ መታየት ያለበት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አዲስ ተፎካካሪ ብቅ ብሏል፤ እርሱም የማሽን ትርጉም ነው። በታላቁ መስጂድ ውስጥ ጎብኚዎችን በተለያዩ ቋንቋዎች የሚመሩ ሮቦቶች አገልግሎት ላይ ውለዋል። የአሜሪካ የሕዝብ ግንኙነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሲጠቀሙ ለግልጽነትና ለሰው ቁጥጥር ትኩረት እንዲሰጡ መክሯል። ምክሩ ተገቢ ነው። ብዙ ጽሑፍ ላላቸው ቋንቋዎች ማሽኑ ጥሩ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ በበይነ መረብ ጽሑፋቸው አነስተኛ ለሆነ ቋንቋዎች ግን ስሕተቱን የሚያርም ሰው አጠገቡ ካልተቀመጠ በቀር፣ በአንድ መድኃኒት መመሪያ ወይም በአንድ የአውቶቡስ ሰዓት ላይ የሚፈጠር መዛባት ሳይታወቅ ያልፋል።

ደላላው ለምን ተደመጠ?

ከ2024 ሐጅ በኋላ ግብፅ የ16 አስጎብኚ ድርጅቶችን ፈቃድ ሰረዘች። በዮርዳኖስ የጉዞ ወኪሎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ። የቱኒዚያ ፕሬዚዳንት የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትራቸውን ከሥልጣን አነሡ። በመካም በማኅበራዊ ሚዲያ ሐሰተኛ የሐጅ ማስታወቂያ የሚያሠራጩ ሰዎች መያዛቸው በየዓመቱ የሚሰማ ዜና ሆኗል። እነዚህ ማስታወቂያዎች የካዕባን ፎቶግራፍ፣ የሆቴል ሥዕል፣ የተስተካከለ ዋጋ፣ አንዳንዴም የተጭበረበረ የፈቃድ ወረቀትና የእጅ አምባር ይዘው ይቀርባሉ። በመልክ ረገድ ከሕጋዊው ማስታወቂያ አይለዩም፤ መሣሪያውም ያው ነው፤ ዋትሳፕ፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ።

በአማርኛ «ደላላ» የሚለው ቃል ሲጠራ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው አታላይነት ነው። የሙያው ተመራማሪ ግን ከስድቡ አልፎ ሌላም ሊጠይቅ ይገባል፤ ሰው ለምን ደላላን ሰማ? ደላላው የሰውየውን ቋንቋ በዘዬው ይናገራል። ሌሊት ሲደወልለት ስልክ ያነሣል። «እናቴ መራመድ አትችልም፣ እንዴት ትሆናለች?» ብሎ ለሚጠይቀው መልስ አለው፤ መልሱ ውሸት ሊሆን ይችላል፣ ግን መልስ ነው። ባለፈው ዓመት ወስጄአቸዋለሁ የሚላቸውን ሰዎች ስም ይጠራል። ግሩኒግና ሀንት የሙያው ከፍተኛ ደረጃ ብለው ያስቀመጡት ባለሁለት አቅጣጫ ንግግር ገጽታው ሁሉ ተሟልቶ የሚገኘው በደላላው ዘንድ ነው፤ ቅን ልቡና ብቻ ሲቀር። የቀድሞው ሙጠዊፍ ይዞት የነበረውንና ተቋማቱ ሲዘምኑ ባዶ የቀረውን ወንበር ደላላው ወረሰው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በሌላኛው ወገን ያለው ሕጋዊ መረጃ ደግሞ የተጣራና እውነተኛ ሆኖ ሳለ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው። ይናገራል፤ አይጠየቅም።

የዋጋውን ጉዳይም ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ሕጋዊው የሐጅ አገልግሎት ከአገር ውስጥ ለሚመዘገብ ነዋሪ እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ሪያል ያስወጣል። ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ ለኖረ ዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኛ የደላላው ግማሽ ዋጋ ከማንኛውም መፈክር ይበልጥ ይናገራል። የትኛውም የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ይህን ክፍተት በቃላት ሊሞላው አይችልም። ባለሙያው ለአለቆቹ ሊያቀርበው የሚገባው አንዱ ሐቅም ይኸው ነው።

የዝምታ ቀናት

በ2024 ሙታን ከወደቁበት ዕለት አንሥቶ አጠቃላዩ አኃዝ በይፋ እስከተነገረበት ዕለት ድረስ ቀናት አልፈዋል። በእነዚህ ቀናት ቤተሰቦች የጠፉ ዘመዶቻቸውን ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ እየለጠፉ ሲፈልጉ ነበር። የዜና ወኪሎች ከየአገሩ ዲፕሎማቶችና መግለጫዎች ያሰባሰቡት ቁጥር ይፋዊው መግለጫ ከመውጣቱ አስቀድሞ ከአንድ ሺህ አልፎ ነበር። ሚኒስትሩ በኋላ እንዳስረዱት፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመታወቂያ ሰነድ ስላልያዙ ማንነታቸውን ለይቶ ቤተሰብ ማግኘት ጊዜ ወስዷል። ምክንያቱ ተጨባጭ ነው። ያልተረጋገጠ የሞት ዜና ለቤተሰብ ከማድረስ የከፋ ስሕተት የለምና።

የሙያው ክርክር ያለው ግን «ማረጋገጥ» እና «ዝም ማለት» አንድ ናቸው ወይ በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን ተቋም ሁሉንም ሳያውቅ መናገር የለበትም ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ «እስከ አሁን ያወቅነው ይህ ነው፤ ያላወቅነው ይህ ነው፤ በሚቀጥለው መግለጫ የምንሰጠው በዚህ ሰዓት ነው» ማለት ቁጥር ሳይጠሩም ይቻላል ይላል። አይቪ ሊ ከመቶ ዓመት በፊት በባቡር ሐዲዱ ላይ ያደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በሚና በደረሰው መረጋገጥ ይፋዊው የሟቾች ቁጥር 769 ላይ ሲቆም፣ የዜና ወኪሎች ከየአገሩ ያስታወቁትን ደምረው ያገኙት ከ2,000 በላይ ነበር። ልዩነቱ እስከ ዛሬ በጥናቶች ውስጥ ይጠቀሳል። ክፍተት ባለበት ሌላ ቆጣሪ መምጣቱ እንደማይቀር ይህ በቂ ማሳያ ነው፤ በ2024 ሳዑዲ ዓረቢያ ቁጥሩን ከነመቶኛው ለይታ ማስታወቋም ከቀድሞው የተሻለ እርምጃ ሆኖ መታየት አለበት።

የላኪ አገሮችም ፈተና ከዚህ አያንስም። በኢትዮጵያ በኩል ምዝገባውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሲሆን፣ በጅዳ ደግሞ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ። በመጅሊሱ የተመዘገበ ሑጃጅ ስም ዝርዝር አለው፣ አስተባባሪ አለው፣ ድንኳን አለው። ከሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ተነሥቶ ያለ ፈቃድ የሄደ ኢትዮጵያዊ ግን በማንም ዝርዝር ላይ የለም። ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? እናቱ ከደሴ ብትደውል የምታገኘው ማንን ነው? መልእክት አዘጋጆች «ተደራሽ» የሚሉት ሕዝብ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በዝርዝር የተያዘውን ነው፤ አደጋው ያለው ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው። በዚያ ላይ ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው ከመንግሥት የሚመጣን መልእክት ሁሉ የሚያነበው በፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሕግ ተላላፊ የሌለባት አገር» በሚል መፈክር የተጀመረው የምሕረት ዘመቻ ያለ ቅጣት ለመውጣት የ90 ቀን ዕድል ሰጥቶ፣ በኋላም ተራዝሞ ነበር። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ መታሰርና መባረር እንደሚከተል የሰማ ሠራተኛ ከመፈክሩ ውስጥ ምሕረቱን ሳይሆን «ሕግ ተላላፊ» የሚለውን ቃል ቢይዝ የሚጠበቅ ነው። «ውኃ ጠጡ፣ ሐኪም ጥሩ» የሚል መልእክት ከዚያው ምንጭ ሲመጣም ሐኪሙ ጋር መቅረብ መያዝን የሚያስከትል መስሎ ሊታየው ይችላል።

ምን ይቆጠር?

የሙያው ሰዎች ለብዙ ዘመን ሥራቸውን ሲለኩ የቆዩት በወጣው ጽሑፍ ብዛትና ያ ጽሑፍ ማስታወቂያ ቢሆን ያስወጣ በነበረው ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በባርሴሎና የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ይህን መለኪያ ውድቅ አደረጉ። መቆጠር ያለበት ምን ያህል ተነገረ የሚለው ሳይሆን በሰው ዘንድ ምን ተለወጠ የሚለው ነው አሉ። «የባርሴሎና መርሆዎች» የሚባሉትና ከዚያ ወዲህ ተደጋግመው የተሻሻሉት እነዚሁ ናቸው። ሐሳቡን የሚቃወም ባለሙያ ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል፤ በተግባር ግን የየመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት አሁንም በተላኩ መልእክቶችና በተመልካች ብዛት የተሞላ ነው። ይህ የሪያድም፣ የአዲስ አበባም ልማድ ነው።

የ2025 ሐጅ ለዚህ ክርክር ተጨማሪ መረጃ ሰጥቷል። ያለ ፈቃድ ለሚያደርግ ሰው ቅጣቱ እስከ 20,000 ሪያል፣ ሕገ ወጦችን ለሚያጓጉዝ፣ ለሚያስጠልል ወይም ለሚያመቻች እስከ 100,000 ሪያል ከፍ አለ። በመካ መግቢያዎች ፍተሻው ጠበቀ፤ ጥላና የሚያቀዘቅዙ መንገዶች ተስፋፉ። በዚያ ዓመት 1,673,230 ሰዎች ሐጅ ያደረጉ ሲሆን፣ የጤና ሚኒስቴሩ ከሙቀት ጋር የተያያዙ ሕመሞች ከቀዳሚው ዓመት በ90 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን አስታወቀ። ውጤቱ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ያዳነው ምንድን ነው? መልእክቱ ነው፣ ቅጣቱ ነው፣ ፍተሻው ነው፣ ወይስ ጥላው? የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ድርሻዬ ይህን ያህል ነው ብሎ በሐቀኝነት ሊናገር የሚችለው በኬላው ከተመለሱት ሰዎች መካከል ጥቂቶቹን ቁጭ ብሎ «መልእክቱን ሰምተህ ነበር? ምን ማለት መሰለህ?» ብሎ ከጠየቀ ብቻ ነው። ጥያቄው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።

ሳዑዲ ዓረቢያ በዚህ ዙሪያ መድረኮችን ከፍታለች። በጅዳ ሱፐር ዶም በሚካሄደው የሐጅ ጉባኤና ዐውደ ርእይ ላይ የየአገሩ ልዑካን ከሐጁ ወራት ቀደም ብለው ተገናኝተው ስምምነት ይፈራረማሉ። ከ2024 ጀምሮም በሐጅ ሰሞን በመካ የሐጅ ሚዲያ መድረክ ይዘጋጃል። ከእነዚህ የትኛውም ቦታ ላይ ግን በአሠራሩ ቅደም ተከተል የተነሣ የሚቀር አንድ ወንበር አለ። መልእክቱ መጀመሪያ በዐረብኛ ይረቀቃል፤ ይጸድቃል፤ ሥዕል ይሠራለታል፤ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል፤ በመጨረሻም እንደ አማርኛና ሐውሳ ላሉት ቋንቋዎች ይላካል። አማርኛ ተርጓሚው ዘንድ ሲደርስ መፈክሩ ተወስኗል፤ የፊደሉ ቦታ ተለክቷል። «ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ኢቃማ ማለት ይመስላል» ቢል እንኳ የሚቀበለው ሰው የለም። አንዳንድ ባለሙያዎች የተለያዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች በረቂቁ ሰዓት አብረው እንዲቀመጡ፣ መፈክሩም ከመጽደቁ በፊት በየሠፈሩ በጥቂት ሰዎች ላይ እንዲሞከር ይጠይቃሉ። ይህ ማለት ዝግጅቱን በሳምንታት ማስቀደም ነው። የአንድ ዓመት ሐጅ እንዳበቃ የሚቀጥለው ዓመት መርሐ ግብር ለየአገሩ ስለሚላክ፣ ጊዜው አለ።